የማን ልጅ ነሽ?

ከዓመታት በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ የገባ ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው ዘመድ በመጠየቅ ብቻ አይደለም። ወረዳ፣ ክፍለ ከተማ፣ መዝገብ ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ይመላለሳል። ማህተሙ ሲገኝ ፈራሚው የለም፤ ፈራሚው ሲገኝ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ይባላል።

የእኔን ጉዳይ ያከበደው ስሜ ነበር። በውጭ አገር ፓስፖርቴ ላይ የሰፈረው የባለቤቴ ቤተሰብ መጠሪያ ነው፤ በድሮው የትምህርት ማስረጃዬ ላይ ያለው ደግሞ የአባቴ ስም። በእኛ አገር ሴት ልጅ ብታገባም ብትወልድም የምትጠራው በአባቷ ነውና ሁለቱ ወረቀቶች የአንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት ነበረብኝ። «አባትሽ ማን ነው? አያትሽስ?» የሚለውን ጥያቄ በየመስኮቱ ስሰማ እንደ ስድብ ይቆጠቁጠኝ ጀመር።

ጥያቄው ግን ከሕጉ የመጣ ነው። «ቢጫ ካርድ» የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስገኘው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ካርዱን ለማግኘት አመልካቹ ራሱ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ አልያም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ መሆን አለበት።

በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ትንፋሽ ለመሰብሰብ ከልጆቻችን ጋር ወደ ላስታ ሄድን። ከአዲስ አበባ ላሊበላ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የመጀመሪያውን ቀን ለ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሰጥተን ቀስ ብለን ዞርን። በማግስቱ ልጆቹ በበቅሎ፣ እኛ በእግር ወደ አሸተን ማርያም ወጣን። ገዳሙ ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በገብስ ማሳና በቁልቋል አጥር መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል። ከላይ ሲታይ የላስታ ተራራ አንዱ ከሌላው ጀርባ እየደበዘዘ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ስፋት የሚሰማው ነፋስና የእረኛ ድምፅ ብቻ ነው። ከፍ ብሎ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚደርሰው አቡነ ዮሴፍ አለ፤ የጅብራ፣ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ አገር።

ዳገቱ መሃል ጥላ ሥር ስናርፍ አንድ አዛውንት ገበሬ አገኘን። ስለ ጤናችን፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መንገዱ ረጋ ብለው ጠየቁን። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አገርሽ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴንና የአያቴን ስም ነገርኳቸው። «እሰይ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» አሉና ለልጆቹ ከቆሎአቸው ዘገኑላቸው። በየመስኮቱ የቆጠቆጠኝ ጥያቄ እዚህ እንግዳ መቀበያ ነበር። ልዩነቱ አዛውንቱ መልሱን ለመስማት ጊዜ ነበራቸው፤ እኔም ለመመለስ አልቸኮልኩም።

ለተመላሾች የምመክረው ይህንን ነው። የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃዎቻችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ባላችሁበት አገር ኤምባሲ አረጋግጡ። ኮፒውን አብዝታችሁ በአንድ አቃፊ ያዙ። ቀጠሮው ሲረዝም ደግሞ ቤት ተቀምጣችሁ አትብሰልሰሉ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ወደ ላሊበላ ከሆነ በረራውንና የአካባቢውን ጸጥታ አስቀድማችሁ አጣሩ። ለማታው ብርድ ጋቢ ያዙ፤ አስጎብኚውንና ባለበቅሎውን ከዚያው ቅጠሩ። ኮሮናና ከዚያ ወዲህ የመጣው ጦርነት እንግዳ ባራቀባት ከተማ ይህ ገንዘብ በቀጥታ ጓዳ ይደርሳል።

ስንወርድ ልጆቹ የአያታቸውን አባት ስም ጠየቁኝ፤ ቀጥሎ የእሱን አባት። አራት ቤት ቆጥሬ ቆምኩ። ማታ ላሊበላ ስንደርስ ለአጎቴ ደወልን፤ እሱ ሰባት አደረሰልን። ትልቋ ልጄ ሁሉንም በደብተሯ ጻፈች።