ከመሪ ወደ ድለላ?

ባለፈው ወር ሀራ ላይ ሻይ ስንጠጣ ከስድስት ሹፌሮች አራቱ የሚያወሩት ስለ መኪና ሽያጭ ነበር። ድሮ እንዲህ ስንገናኝ ወሬያችን ጭነት፣ የናፍጣ ወረፋና ኬላ ነበር። አሁን አንዱ ስልኩን አውጥቶ የቪትዝ ፎቶ ያሳያል፤ ሌላው «ይቺን ባሻሽጥ ስንት ይደርሰኛል?» እያለ ያሰላል። ከአራቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

አስራ ሰባት ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። ከወልድያ ተነስቶ በሀራ፣ በጭፍራ አድርጎ ሚሌ ላይ ከዋናው የጅቡቲ መንገድ የሚገናኘውን መስመር ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ሎግያ፣ ሰመራ፣ ከዚያ ጋላፊ። ሙቀቱን ያላየ ሰው ሲነገረው አይገባውም። ግን ሹፌርን ከመሪ የሚያስነሳው ሙቀት አይደለም፤ ሙቀት ይለመዳል።

ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያ ሲገባ እኔ ሚሌ ቆሜ ነበር፤ ባለቤቴና ልጆቼ ከተማው ውስጥ። ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ እስክትለቀቅ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ጥቅምት 23/2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም «በቃ፣ መንገድ ተከፈተ» አልን። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28/2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ሲዘጋ መቆም፣ ሲከፈት መሮጥ ሆኗል ሥራችን። ሹፌር ይታገታል፣ ቤዛ ይጠየቅበታል፤ የተገደሉም አሉ። መኪናው ሲቆም ደግሞ አበል የለም። ባለቤቴ ስልክ በጠራ ቁጥር ትደነግጣለች። እንግዲህ እዚህ ላይ ሆኖ ሰው «ደላላ ልሁን» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ሒሳቡም መጀመሪያ ሲያዩት ያጓጓል። ሁለት ሚሊዮን ብር በተባለች መኪና ከመቶ ሁለት ቢታሰብ አርባ ሺህ ብር ነው። ጭነት የለም፣ ጎሚስታ የለም፣ ሌሊት መንዳት የለም። ነገር ግን አርባው ሺህ ለአንድ ሰው አይደለም። ሻጩን የሚያውቀው ደላላ አለ፣ ገዢውን ያመጣው አለ፣ ሁለቱን ያገናኘው አለ፣ «እኔም ሰምቻለሁ» ብሎ የሚቆምም አይጠፋም። እኔ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ሽያጭ ላይ ገባሁ። ከሦስቱም ያገኘሁትን ብደምረው ሠላሳ ሺህ አልሞላም፤ የስልክና የሻይ ወጪዬን ሳልቀንስ።

ገበያውንም እኛ አናዝዘውም። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ብሩን ማስቀመጥ የፈራ ሰው መኪና ገዛ፣ ያለውም አልሸጥም አለ፣ ዋጋ ናረ። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ስለነበር ተበድሮ የሚገዛውም ቀጭኗል። ዋጋ ሲጨምር ኮሚሽኑ ይጨምራል ብለን እንደሰታለን፤ የሚገዛው ሰው ግን እያነሰ ነው። ደላላ በሕግም ነጋዴ ስለሆነ ጡረታ የሚቆጥርለት፣ ፈቃድ የሚሰጠው የለም። (እርግጥ እኛ ሹፌሮችም ብዙዎቻችን ውል እንኳ ፈርመን አናውቅም። ይህን ያነሳሁት ለፍትሕ ብዬ ነው።)

ይህ ሁሉ የገንዘብ ነገር ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሦስተኛው ሽያጭ ነው።

አንድ የመርሳ አትክልት ነጋዴ ያገለገለች አይሱዙ ፈለጉ። ከግራና ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በወቅቱም ማንጎ ጭነው ደሴ ሊያደርሱባት ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ የሁለት ልጆቻቸውን ድርሻ ጨምረው ነው ብሩን ያሟሉት። «ልጄ፣ ሌላውን ደላላ አላምንም። አንተ ሹፌር ነህ፤ ጆሮህ ይበቃኛል» አሉኝ። ነዳኋት። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ካምቢዮው ያለቅሳል። ጭሷ ሰማያዊ ነው፣ ማለት ዘይት ትበላለች። ወርጄ ቁልፉን ስመልስ ሦስት ደላሎች ያዩኛል፣ ሻጩ ያየኛል፣ እሳቸው ያዩኛል። «ለአገልግሎቷ ደህና ናት፣ አባቴ» አልኩ።

ውሸት ነው? ለአገልግሎቷ ደህና ናት። ዕውነት ነው? እናንተ ፍረዱ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ውርጌሳ ላይ ቲማቲም እንደጫነች ቆመች። ደወሉልኝ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ስልኩን ሁለቴ ሳላነሳ ቀረሁ። በሦስተኛው ሳነሳ «ልጄ፣ የምታምነው መካኒክ ካለ ላክልኝ፤ ዕቃው ሊበላሽብኝ ነው» አሉኝ። መካኒክ ላክሁ። የተቀበልኩትን ኮሚሽን ግን አልመለስኩም፤ ለልጆቼ ትምህርት ቤት ከፍዬው ነበር። እስከዛሬ በመርሳ ሳልፍ እሳቸው በሚቆሙበት በኩል አላይም።

ሹፌር ለድለላ ይሆናል የሚባለው መኪና ስለሚያውቅ ነው። ገዢው የሚያምነው ለዚህ ዕውቀት ብሎ ነው። ኮሚሽን ግን የሚከፈለው መኪናዋ ስትሸጥ ብቻ ነው። «ይቅርብዎት» ያልኩ ቀን ባዶ እጄን እገባለሁ። ስለዚህ ጆሮዬ የሰማውን አፌ እንዳይናገር ነው የሚከፈለኝ። መጥፎ ሰዎች ስለሆንን አይደለም፤ ከሦስቱ ደላሎች አንዱ ከእኔ የተሻለ ሰው ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ ጎረቤቶቹን ያበላ። አከፋፈሉ ነው እንዲህ የሚያደርገን።

ታዲያ ሹፌር ወደ መኪና ገበያ አይግባ አልልም። ቢገባ ግን ከገዢው ብቻ ይቀበል፤ ቁርጥ ያለ ዋጋ፣ ተገዛችም አልተገዛችም። መካኒኮች ለገዢ መኪና ሲያዩ እንዲህ ነው የሚከፈላቸው። ነገሩን ሀራ ላይ ሳነሳው ሳቁብኝ። «መኪና ለማየት ሺህ ብር ማን ይከፍልሃል? ደላላው በነፃ ያሳየዋል እኮ!» አለኝ አንዱ። ትክክል ነው፣ የሚከፍል ብዙ የለም። ቤተሰብ በዚህ ብቻ አይኖርም።

ትናንት ባለመኪናው ደወለ። ጅቡቲ ማዳበሪያ አለ፣ መንገዱም ለጊዜው ክፍት ነው፣ እስከ ዓርብ መልስ ስጠኝ አለ። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም። ቅዳሜ ደግሞ አንድ አስተማሪ ያገለገለች ኮሮላ እንዳይለት ቀጥሮኛል፤ ሺህ ብሩን ከፍሏል። ዓርብ ከወጣሁ ሺህ ብሩን መልሼለት ነው የምሄደው።