ከልጅ ልጄ ጋር በኮትቡሰር ቶር

በርሊን በምትኖረው ልጄ ዘንድ በከረምኩበት ወቅት፣ አንድ ቅዳሜ ከልጅ ልጄ ጋር ወደ ኮትቡሰር ቶር ወጣሁ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ማዳመጫ ከጆሮው አይወርድም፤ በአማርኛ ሳወራው በጀርመንኛ ይመልስልኛል። ስለዚህ «እማማ፣ የሙዚቃ ዕቃ ልገዛ ነው፤ ትመጫለሽ?» ሲለኝ የጉልበቴን ሕመም ረስቼ ተነሣሁ።

የሰፈሩ ግርግር መርካቶን ያስታውሳል። አንዱ ባቡር ከራስ በላይ በብረት ድልድይ፣ ሌላው ከእግር በታች ያልፋል። በዚህች ከተማ የልጆቹ ሙዚቃ ቀልድ አይደለም፤ የበርሊን ቴክኖ በ2024 እ.ኤ.አ. በጀርመን የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

የፈለገው ዕቃ በትንንሽ ማዞሪያዎች የተሞላ ሳጥን ነው። የራሱ ድምፅ የለውም። ሚዲ በሚባለው፣ ከ1983 ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያዎች በሚግባቡበት ቋንቋ ለኮምፒዩተሩ ቁጥር ይልካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 127።

ሁለት ዕቃ ቀረበልን። አካይ ሚዲሚክስ 24 ማዞሪያና 9 ተንሸራታች አለው፤ ቤሪንገር ኤክስ-ተች ሚኒ ግን 8 ማዞሪያና 1 ተንሸራታች ብቻ። እኔ ብዙ ያለውን አነሣሁ። ልጁ ሳቀና ማስረዳት ጀመረ፤ ቃል ሲጠፋው እየፈለገ፣ በአማርኛ!

የመጀመሪያው ማዞሪያ መነሻና መድረሻ አለው። ኮምፒዩተሩ ላይ ድምፁ 20 ላይ ሆኖ ማዞሪያው 100 ላይ ከቆመ፣ ሲነኩት ድምፁ ሊዘል ይችላል። የሁለተኛው ግን ማለቂያ የለውም፤ ዙሪያውን የሚበራው መብራት ትክክለኛውን መጠን ያሳያል።

«ይሄማ የግሉኮስ መቆጣጠሪያ ነው» አልኩት። እኛ ነርሶች ጠብታውን ሳናይ አንከፍትም፤ በሰዓት እየቆጠርን ቀስ በቀስ ነው። ስንት ጠብታ እንደምንቆጥር፣ ቢፈጥን ምን እንደሚሆን ጠየቀኝ። ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

ባለ 8ቱን ገዛ። እኔ የተማርኩት ይህን ነው፤ ከመግዛት በፊት ልጁ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚሠራ፣ በአንድ ጊዜም ስንት ነገር እንደሚያዞር መጠየቅ ይበጃል። የማዞሪያ ብዛት ብቻውን ምርጫ አይሆንም።

ማታ አንዱን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝና እጄን ማዞሪያው ላይ አኖረ። «ቀስ በይ እማማ።» መብራቱ እየዞረ ሲሄድ አንድ ምት ከሩቅ እየቀረበ መጣ። ዱም፣ ዱም። ማታ ማታ ቡና ስወቅጥ የሙቀጫዬ ድምፅ ነበር፤ በስልኩ ቀድቶታል።

ለካ ይሰማኝ ነበር።