«አባዬ፣ አሁን እረፍ»

ንጋት ላይ ድሬ ዳዋ ሌላ ከተማ ናት። ቀትር ላይ ሰዉ ሁሉ ጥላ ፍለጋ የሚሸሽባት፣ ሱቁ ሁሉ በሩን ገርበብ የሚያደርግባት ከተማ፣ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ ቀዝቀዝ ብላ እግርን ትጋብዛለች። በከዚራ ዛፎች ሥር ወጣቶች ይሮጣሉ። ከእነሱ ኋላ ሁለት አዛውንት ቀስ እያሉ፣ እየተከራከሩ ይሄዳሉ።

ከሁለቱ አንደኛው የ72 ዓመት ሰው ናቸው። የሰፈሩ ሰው «ጋሼ» ብቻ ይላቸዋል። ከ30 ዓመት በላይ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠርተዋል። ያን ሁሉ ዘመን ሥራ የሄዱት በሳይክል ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ዕድር፣ ሁሉም በሳይክል ነው። ስፖርት ሠርተው አያውቁም። «ስፖርት» የሚባለው ነገር እሳቸው ዘንድ የወጣት ጨዋታ ነበር።

ከዚያ የ2011 ዓ.ም. ክረምት መጣ። ድሬ ዳዋ ያን ክረምት አትረሳውም። በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉኒያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። የበሽታው ስም የመጣው በታንዛኒያና በሞዛምቢክ ድንበር ከሚነገረው ከማኮንዴ ቋንቋ ሲሆን፣ ሰውን የሚያጎብጥ እንደ ማለት ነው። በእርግጥም አጎበጠ። ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ቢያልፍም፣ የመገጣጠሚያው ሕመም አንዳንዱ ላይ ለወራት ቆየ፤ በተለይ ዕድሜ በገፋው ላይ።

ጋሼ ሲያገግሙ ልጆቻቸው ተሰበሰቡ። አንዷ ከአዲስ አበባ መጣች፣ አንዱ ከውጭ ደወለ። ሁሉም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ «አባዬ፣ አሁን እረፍ። አሳድገኸናል፣ ይበቃሃል።» የኮንትራት ባጃጅ ተያዘላቸው። ገበያ የምትሄድላቸው ልጅ ተቀጠረች። ሳይክሉ ለዘመድ ተሰጠ። ጋሼ የሚቀራቸው በረንዳ ላይ ወንበር ስቦ መቀመጥ ብቻ ሆነ።

ይህ ሁሉ የተደረገው በፍቅር ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም እሱ ነው።

በእኛ አገር ሽማግሌን ማክበር ማለት ከመቀመጫው እንዳይነሳ ማድረግ ነው። ውሃ ሊቀዳ ሲነሳ «ኧረ እኔ አለሁ!» ይባላል። ዕቃ ሲያነሳ ከእጁ ይነጠቃል። ደረጃ ሲወጣ ሦስት ሰው ይደግፈዋል። ባህሉ መልካም ነው፤ ቤተሰብን ቤተሰብ ያደረገው እሱ ነው። ጡንቻ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ያልተጠቀሙበትን ያህል ይከዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ ጋሼ ከወንበር ሲነሱ እጀታውን መያዝ ጀመሩ። ስኳርና ደም ግፊት ተከታትለው መጡ።

ሐኪሙ አላወላወለም፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ አላቸው። ምክሩ ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በተጨማሪም በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠናክር ልምምድ።

ጋሼ ሦስት ጊዜ ጀመሩ። ሦስት ጊዜ ተዉ። የውጪው ልጅ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ላከላቸው፤ በቀን 10 ሺሕ እርምጃ እንዲሞሉም አደራ አላቸው። ሰዓቱ ሁለት ሳምንት ሠራና መሳቢያ ገባ። 10 ሺሕ የሚለው ቁጥር ራሱ ከሐኪም ቤት የወጣ አይደለም፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ የእርምጃ መቁጠሪያ ለመሸጥ የወጣ ስም ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በአማካይ 72 ዓመት በሆናቸው አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ጥቅሙ ከ4,400 እርምጃ አካባቢ ጀምሮ እንደሚታይና ከ7,500 በኋላ ብዙም እንደማይጨምር አሳይቷል። ጋሼ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ሰዓቱን ባልጠሉት ነበር። ቢሆንም ቁጥር ብቻውን ሰውን ከአልጋ አያስነሳም። ፍርሃትም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው። «ካልተራመድክ ትሞታለህ» የተባለ ሰው አንድ ወር ይራመዳል፤ ሳይሞት ሲቀር ይተወዋል።

ታዲያ ምን አስነሳቸው?

የበር ኳኳታ። የድሮ የሥራ ባልደረባቸው፣ የባቡር ነጂ የነበሩ ሰው፣ የሱብሂ ሶላት ሰግደው ከመስጊድ ሲመለሱ በራቸውን መደብደብ ጀመሩ። «ተነሳ አንተ! ፀሐይዋ ሳትቀድመን!» መጀመሪያ ቀን ጋሼ የወጡት አፍረው ነው። ሁለተኛውን ቀንም እንዲሁ። ከሳምንት በኋላ ግን ከኳኳታው በፊት ጫማ አድርገው ይጠብቁ ነበር። ከዚራን ዞረው ለገሃር ደርሰው፣ ሲመለሱ ሻይና ትኩስ ፈጢራ። ስለ ስኳሩ ሲባል ፈጢራው ለሁለት ይካፈላል። በየጠዋቱ የሚከራከሩት ያው ስለ አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ሎኮሞቲቭ የተሻለ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አልተስማሙም። አራት ዓመት ሙሉም አልቀሩም።

ሪቻርድ ራያንና ኤድዋርድ ዴሲ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው አንድን ነገር ሳይሰለች የሚቀጥለው ሦስት ነገር ሲያገኝበት ነው ይላሉ፤ በራሱ ፈቃድ ሲያደርገው፣ እችለዋለሁ ብሎ ሲያምንና ከሌላ ሰው ጋር ሲያገናኘው። የሐኪሙ ትእዛዝ ሦስቱም አልነበሩበትም። የወዳጃቸው ኳኳታ ግን ሦስቱንም ቀስ በቀስ ይዞ መጣ።

ድሬ ይህን ድሮም ታውቀው ነበር። በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናትና፣ ከፈረንሳዮቹ የወረሰችው ቋንቋና ዳቦ ብቻ አይደለም። ፔታንክ የሚባለው የብረት ኳስ ጨዋታ በምድር ባቡር ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የጨዋታው ታሪክ ራሱ ለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሪህ ይዞት እንደ ድሮው ተንደርድሮ መወርወር ላቃተው ተጫዋች ሲባል ሕጉ ተቀይሮ ሁሉም ሁለት እግሩን ገጥሞ ቆሞ እንዲወረውር ተደረገ። ጓደኞቹ «አንተ እረፍ» አላሉትም። ጨዋታውን ለእሱ ቀየሩለት።

ታኅሣሥና ሐምሌ ላይ ደግሞ ወደ ቁልቢ ገብርኤል በእግራቸው የሚወጡትን እናቶች ማየት ነው። ዳገቱ ለጎረምሳም አይቀልም። እነሱ ግን ስእለት አለባቸው፤ የሚደርሱበት ቦታ አላቸው። በሌላ በኩል፣ በየገበያው ሸክም ተሸክመው የሚውሉ አሮጊቶች አሉ። ለእነሱ እንቅስቃሴ ምርጫ አይደለም፤ እነሱን «ተራመዱ» ማለት ስላቅ ነው። የሚያስፈልጋቸው ሸክሙን የሚያቀልላቸው ነው።

በ1953 (እ.ኤ.አ.) ጄሪ ሞሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞችን አጥንቶ፣ ተቀምጦ ከሚውለው ሾፌር ይልቅ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የሚውለው ትኬት ቆራጭ በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ትኬት ቆራጩ ስፖርት እየሠራ አልነበረም። ሥራው ነበር የሚያንቀሳቅሰው። የጋሼም ሳይክል እንደዚያው ነበረች። ልጆቻቸው ሳይክሉን ሲሰጡ አባታቸውን የሚጠብቀውን ነገር አብረው እንደሰጡ አላወቁም።

ባለፈው ዓመት ወዳጃቸው አረፉ። ጋሼ ቀብር ደርሰው ተመለሱና ቤት ገቡ። ንጋት ላይ ያው ሰዓት ይነቃሉ፤ የሚያንኳኳ የለም። ሳምንቱ ወር ሆነ። ጉልበታቸው እንደገና መያዝ ጀመረ። ልጆቹ ተጨንቀው ደወሉ፤ ሰዓቱን ከመሳቢያ እንዲያወጡት ለመኗቸው። አላወጡትም።

አንድ ጠዋት ግን በሩ ተንኳኳ። በዚያው ዓመት ጡረታ የወጡ ጎረቤት ናቸው። «ጋሼ፣ ሐኪም ተራመድ ብሎኝ ብቻዬን አልሆነልኝም። እናንተን በየጠዋቱ በመስኮት አያችሁ ነበር። ቢያስከትሉኝ?» ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ጫማቸውን ፈለጉ። በማግስቱ ቀድመው የተነሱት እሳቸው ናቸው፤ የጎረቤታቸውን በር የደበደቡትም እሳቸው። ዛሬ ከዚራ ላይ ከጎናቸው የሚሄዱት እኒያ ጎረቤት ናቸው። ስለ ሎኮሞቲቭ ምንም አያውቁም፤ ክርክሩ አሁን ስለ እግር ኳስ ሆኗል።

ከተማም የራሷ ድርሻ አላት። አዛውንት የሚያርፍበት አግዳሚ፣ ያልተቆፈረ የእግረኛ መንገድ፣ ጥላ የሚሰጥ ዛፍና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ይፈልጋል። ስኳር ያለበት ሰው መጸዳጃ በሌለበት መንገድ አንድ ሰዓት አይራመድም፤ ይህን የሚናገረው ግን ጥቂቱ ነው። በየከተማው መንገድ በሚሠራበት በዚህ ወቅት፣ መንገዱ የ70 ዓመት ሰው እንዲሄድበትም ታስቦ ቢሠራ ወጪው ብዙ አይጨምርም።

ቤት ውስጥ ያለው ግን ከመንግሥት በጀት አይጠብቅም። ወላጅ ያለው ሰው ሁሉ «እረፉ» ከማለቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ከወንበሩ ሲነሱ የሚሄዱበት ቦታ፣ የሚጠብቃቸው ሰው አለ ወይ? ከሌለ፣ ገበያውን ይተውላቸው። የልጅ ልጁን ትምህርት ቤት ያድርሱ። ዳቦውን እሳቸው ይግዙ። ቢዘገዩም ይዘግዩ።

ጋሼ ባለፈው ወር ለልጃቸው ሲደውሉ ገንዘብ አልጠየቁም፤ መድኃኒትም አልጠየቁም።

«ሳይክሌን አስመልሺልኝ» አሉ።