ሃያ አካፋ አፈር

ቴህራንን የወደድኳት በእግሬ ስዞር ነው። ቫሊአስር የሚሉት ጎዳና ደቡብ ካለው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ እስከ ሰሜኑ ታጅሪሽ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ግራና ቀኙን ቼናር የሚባሉ ግዙፍ ዛፎች ይዘውታል፤ ከሥራቸው በድንጋይ ቦይ ውስጥ ከተራራ የወረደ ውሃ ይንፎለፎላል። በግንቦት የደረሰ ሰው ደግሞ ዕድለኛ ነው። በየውስጥ ለውስጡ መንገድ የእንጆሪ ዛፍ ፍሬውን ያራግፋል፤ ነጩም ጥቁሩም አስፋልት ላይ ተጨፍልቆ ከጫማ ሶል ጋር ይጣበቃል። ቦርሳ ያንጠለጠለው የቢሮ ሰውዬ ሳይቀር ቆም ብሎ ቅርንጫፍ ጎተት ያደርግና ሁለት ሦስቱን አፉ ውስጥ ጣል አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ከልካይ የለም። እኔም እጄ እስኪጣበቅ በላሁ።

ወደዚህች ከተማ የሳበኝ የኢራናዊው ዳይሬክተር የአባስ ኪያሮስታሚ «የቼሪ ጣዕም» የሚባል ፊልም ነው። ባዲኢ የሚባል ጎልማሳ ሬንጅ ሮቨሩን እየነዳ በቴህራን ዳርቻ ባሉ ራቁት ኮረብቶች ይዞራል። መቃብሩን አዘጋጅቷል፤ ሌሊት ገብቶ ሊተኛበት ነው። የቸገረው ሰው ነው። ጎህ ሲቀድ መጥቶ ስሙን ሁለት ጊዜ የሚጠራ፣ መልስ ከሰጠ እጁን ይዞ የሚያወጣው፣ ዝም ካለ ሃያ አካፋ አፈር የሚያለብሰው ሰው። ክፍያው 200,000 ቶማን። ለምን መሞት እንደፈለገ ግን ፊልሙ ትንፍሽ አይልም።

«ቀባሪ አያሳጣህ» እያለ የሚመርቅ ሕዝብ ልጅ ነኝና፣ ከመሞት ሐሳቡ ይልቅ ቀባሪ ፍለጋው ነው ልቤን የሰነጠቀው። በእኛ ሰፈር አፈር ማልበስ የእድርተኛ ነገር ነው፤ የተጣላህ ጎረቤት እንኳ ዶማውን ይዞ ይመጣል። ይሄ ሰውዬ ግን መኪና አለው፣ ቤት አለው፣ ገንዘብ አለው፤ አፈር የሚመልስበት ሰው ግን እንደ ቀን ሠራተኛ ከመንገድ ላይ ይለምናል።

ተራ በተራ ሦስት ሰዎች መኪናው ውስጥ ይገባሉ። ኩርዱ ወጣት ወታደር ነገሩ ሲገባው በሩን ከፍቶ ቁልቁል ይፈረጥጣል። አፍጋኒስታናዊው የሃይማኖት ተማሪ ኃጢአት ነው ብሎ ይመክረዋል። ሦስተኛው፣ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የእንስሳት ቆዳ እየሞላ የሚያደርቀው አዛውንት፣ የታመመ ልጅ ስላለበት ይስማማል። ከመስማማቱ ጋር ግን አንድ ታሪክ ያወራለታል። በወጣትነቱ ገመድ ይዞ ወደ እንጆሪ ዛፍ ሄዶ ነበር፤ ገመዱን ሊያስር ሲወጣ እጁ ፍሬ ነካ፤ ቀመሰ፤ ፀሐይ ወጣች፤ ለሚስቱም ይዞላት ተመለሰ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1997 በመጨረሻው ሰዓት ካን የፊልም ፌስቲቫል ደርሶ ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን፣ ከጃፓናዊው ሾሄይ ኢማሙራ ፊልም ጋር ተጋራ፤ ለኢራን የመጀመሪያው ነበር። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ግን ከአራት ኮከብ አንድ ብቻ ሰጠው፤ እጅግ አሰልቺ ነው ብሎ። ፀቡ እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ ይህን ፀብ በአገሩ ልሰማው ፈልጌ ነበርና፣ አንድ ምሽት ሰሜን ቴህራን አንድ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ሲያሳዩት ተጋበዝኩ።

ሻይ ቀረበ፤ ስኳሩን በጥርስ ይዞ ነው የሚጠጣው። ጡረታ የወጡ መምህር ወታደሩ ሳይሮጥ አንኮራፉ። ኪያሮስታሚ ራሱ ተመልካቹን የሚያስተኛ ፊልም እወዳለሁ እያለ ይናገር ስለነበር ማንም አልቀሰቀሳቸውም። አንድ ወጣት ግማሹ ላይ ተነስቶ በረንዳ ወጣ፤ «ሬንጅ ሮቨር እያለው ምን ጎድሎት ነው?» እያለ። አንዲት የሥነ ሕንፃ ተማሪ የእንጆሪው ታሪክ ጋ ስትደርስ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ከዚያ መጨረሻው መጣ። ባዲኢ ጉድጓዱ ውስጥ ይጋደማል፣ ነጎድጓድ ይሰማል፣ ጨረቃ ደመና ውስጥ ትገባለች፣ ስክሪኑ ይጨልማል። ድንገት ጥራት በሌለው ቪዲዮ ኮረብታው ለምልሞ ይታያል። ኪያሮስታሚ ከነባልደረቦቹ ቆሟል፣ የሞተ የመሰለው ተዋናይ ሲጋራ ያቀብለዋል፣ የሉዊ አርምስትሮንግ መለከት ይነፋል። መምህሩ በዚህ ነቁ። «ሲያስጨንቀኝ አምሽቶ ቀልድ ነበር ሊለኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ተማሪዋ «አልተኙም ነበር እንዴ፣ አባባ?» ስትላቸው ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ራስን ማጥፋት በፊልም መታየቱ ራሱ ነውር ነው ብሎ መስበክ ያዘ። የቤቱ እመቤት ስለ ፊልሙ ምንም አላሉም፤ እናታቸው በሞቱበት ክረምት ምግብ እንዴት አልቀመስ እንዳላቸው፣ ከዚያም አንድ ቀን የጎረቤት ዳቦ እንዴት እንደጣማቸው ያጫውቱን ጀመር።

እዚያው ተቀምጬ እንግዶቹን ሳያቸው መኪናው ውስጥ የገቡት ሦስቱ ሰዎች መሰሉኝ። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይሰብካል፣ አንዷ የራሷን ታሪክ ታወራለች። ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም። ኪያሮስታሚ የመኪናውን ንግግር ሲቀርጽ ተዋናዮቹን አላገናኛቸውም፤ ባዲኢ ሲለማመጥ አጠገቡ ወታደር አልነበረም፤ ከካሜራው ጋር የተቀመጠው ዳይሬክተሩ ነበር። ያ ወንበር ለእኛ የተተወ ነው። ኢበርትንም ቢሆን ከመኪናው ወርዶ እንደሄደ ተሳፋሪ ነው የምቆጥረው፤ መውረድም መብት ነው። እኔ ግን አልወረድኩም። ያቆየኝ ሰዎች ብዙ የማያነሱት አንድ ትንሽ ነገር ነው። ባዲኢ አዛውንቱን ካደረሰው በኋላ ሮጦ ይመለስና፣ ተኝቼ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ጠጠር ወርውርብኝ ይለዋል። አዛውንቱም ሁለት አይበቃም፣ ሦስት እወረውራለሁ ይላል። ለመሞት የቆረጠ ሰው ስለ ጠጠር አይጨነቅም።

ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 ፓሪስ ውስጥ አርፎ ከቴህራን ሰሜን ምሥራቅ ላቫሳን ተቀብሯል። መቃብሩን ለማየት ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ቡናማ ኮረብቶችን እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ በየመታጠፊያው ያ ሬንጅ ሮቨር ብቅ የሚል ይመስለኝ ነበር። ሹፌሩ ፊልሙን አላየውም፤ ታሪኩን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ክፍያው ነው።

«200,000 ቶማን።»

መሪውን በመዳፉ መታው። «ዛሬ በዚህ ብር አካፋውንም አያከራዩትም!» ትንሽ አሰበና «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለኝ።

«ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ ያልፋል።»

«እና በሙሉ መኪና ውስጥ ነው?»

«አብዛኛው።»

«አይ፣ ይቅርብኝ ጌታዬ። እኔ ይሄንን ከታጅሪሽ እስከ ባቡር ጣቢያ በየቀኑ አየዋለሁ።»