ኮምጠጥ ያለው ነጭ ወይን ጠጅ

ሰው የማያውቀውን ዐውቃለሁ ሲል ያፍራል፤ ያወቀውን ደግሞ በወንድሙ ላይ ሲመካበት ከዚያ የባሰ ያፍራል። እኔ ሁለቱንም ኀፍረት በማዕድ ላይ ቀምሻቸዋለሁ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን የምነግርህ መጠጥ እንድትወድ ብዬ አይደለም፤ ያገኘኸውን ዕውቀት በምን ቦታ እንደምታውለው እንድታስብበት ነው እንጂ።

በወጣትነቴ ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ አገር ሄጄ፣ የሎዋር ወንዝ ወደ ባሕር ለመግባት በሚቃረብበት በናንት ከተማ ተቀመጥሁ። ክፍል ያከራዩኝ ሽማግሌ አንድ እሑድ ምሳ ጋበዙኝ። ባዶ እጄን ላለመሄድ፣ ይልቁንም ዐዋቂ ለመምሰል፣ የወሩን ወጪዬን የጎዳ ቀይ ወይን ጠጅ ገዝቼ ሄድሁ። በገበታው ላይ የቀረበው ግን ዓሣ ነበር፤ በላዩም የዚያ አገር ሰዎች «በር ብላን» የሚሉት፣ ከቅቤና ከሽንኩርት ከኮምጣጤም የሚሠራ ነጭ ስጎ ፈሶበታል። ሽማግሌው ለዚሁ ብለው ቀዝቃዛ ነጭ ወይን ጠጅ አዘጋጅተው ነበር። እኔ ግን «ለእንዲህ ያለ ምግብ የሚስማማው ይህ ነው» ብዬ የራሴን ጠርሙስ አቀረብሁ።

እርሳቸውም አንድ ቃል ሳይመልሱ ነጩን ወደ ጎን አደረጉና ቀዩን ከፈቱ፤ ለራሳቸውም ቀድተው ከእኔ ጋር ጠጡ። በመጀመሪያው ጉርሻ አፌ ብረት ብረት አለኝ፤ የዓሣውም ሽታ በረታብኝ። ነገሩ የምላሴ ጥፋት አልነበረም። በ2009 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ሽታ የሚያስነሣው በቀይ ወይን ውስጥ ያለው ብረት መሆኑን ገልጸዋል። እኔ ግን በዚያን ቀን ዝም ብዬ ዋጥሁት።

ምሳው ሊያልቅ ሲል ሽማግሌው «ልጄ፤ አሁን ደግሞ የእኛን ሰፈር ወይን ቅመስልኝ» ብለው ከነጩ ቀዱልኝ። ስሙ ሙስካዴ ይባላል። ቀለሙ ውሃ የሚመስል፣ ጣዕሙ ኮምጠጥ ያለ፣ ጣፋጭነት የሌለው ነው። ጠጃችንን ለስላሳና ደረቅ ብለን እንደምንለይ፣ እነርሱም ይህን ደረቅ ይሉታል፤ እርሾው የፍሬውን ስኳር በልቶ ስለ ጨረሰው ነው። በቀረችኝ የዓሣ ቁራሽ ላይ ስጠጣው፣ እኛ በተጠበሰ ዓሣ ላይ ሎሚ ስንጨምቅ የሚሆነው ሆነ። የቅቤው ክብደት ታጠበ፤ ዓሣው ገና አሁን የቀረበ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌው ማስተማር የጀመሩት። የወይኑ ተክል ሜሎን የሚባል ሲሆን የመጣው ከቡርጎኝ ነው። በ1709 እ.ኤ.አ. የወረደው ታላቅ ውርጭ የአገሩን ወይን ባጠፋ ጊዜ፣ ብርድ የሚችለው ይህ ተክል በብዛት ተተከለ። ጠጁም ክረምቱን ሳይናወጥ በአተላው ላይ ይከርማል፤ ከዚያው ላይ ተቀድቶ በጠርሙስ ይታሸጋል። ወደ ላይ በሎዋር ዳር ያለው የሳንሴር ነጭ ወይን ከፍየል አይብ ጋር፣ ጥንታዊ የባሕር ቅርፊት ከተቀበረበት መሬት የሚበቅለው ሻብሊም ከባሕር ምግብ ጋር እንደሚስማማ ነገሩኝ። ኮምጠጥ ያለ ወይን ቅባትና ጨው ያለበትን ምግብ ያቃናል፤ ከጣፋጭ ምግብ ጋር ግን ይጎመዝዛል።

ይህን ሁሉ ተምሬ ወደ አገሬ ተመለስሁ። አጎቴ የመመለሴን ደስታ ለመግለጽ ቤታቸው ጠሩኝ። ዓሣ እንደምወድ ያውቁ ነበርና ባለቤታቸው ጠብሰው ከሎሚ ጋር አቀረቡልኝ። አጎቴም እርሳቸው የማይጠጡትን ጣፋጭ ቀይ ወይን ጠጅ ለእኔ ሲሉ ገዝተው ነበርና፣ በደስታ ከፍተው ሊቀዱልኝ ሲነሡ «ጋሼ፤ ዓሣ በቀይ ወይን አይበላም፤ በሠለጠነው አገር እንዲህ ያለ ነገር አያቀርቡም» አልሁ።

አጎቴ ምንም አልመለሱም። ጠርሙሱን ከድነው ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፉ። የቀረውን ምሳ የበላነው የሰሐን ድምፅ እየሰማን ነው።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የናንቱ ሽማግሌ ስለ ወይን ከእኔ ይልቅ መቶ እጅ የሚያውቁ ሲሆኑ፣ እኔን ላለማሳፈር መራራውን አብረውኝ ጠጡ። እኔ ከእርሳቸው የወይኑን ነገር ተቀብዬ የሰውነታቸውን ነገር በዚያው ትቼው መጣሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በዚያች ሌሊት እውነቱ ገባኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ሳልጠራ ሄድሁና «ጋሼ፤ ያችን ጠርሙስ አስመጡልኝ» አልኋቸው። ለሦስታችንም ቀድቼ የናንቱን ምሳ፣ ውድ ጠርሙሴንና ትዕቢቴን አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። አጎቴ እስኪያነቡ ድረስ ሣቁ። ከዚያም እንባቸውን እየጠረጉ «እኒያ ሰው ደግ ናቸው፤ አንተም ዘግይተህም ቢሆን ተምረሃል» አሉኝና ብርጭቋቸውን አነሡ።

ወይኑ በጣም ጣፋጭ ነበር። አብሬያቸው ጠጣሁት፤ ስለ ጣዕሙም ምንም አልተናገርሁም።

አንተም ልጄ፤ ምን ከምን ጋር እንደሚስማማ ተማር፤ ዕውቀት መልካም ነው። ነገር ግን በሰው ገበታ ስትቀመጥ፣ አስቀድመህ ያቀረበልህን ሰው ፊት ተመልከት።