የሞላሌ ጓሮና ከሩቅ የመጣ ዘር

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ መንዟ ሞላሌ የምንመለስ ሰዎች ለውጡን የምንለካው በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በመብራት ምሰሶና በባሕር ዛፍ ብዛት ነው። ያልተለወጠውን ቶሎ አናስተውለውም። ብርዱ፣ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ፣ የበልግ ዝናብ አለመታመን እንደነበሩ አሉ። ይህን የሚያስታውሰን ጓሮ ነው። አንዳንዱ ተመላሽ ሻንጣው ውስጥ ባለ ሥዕል ፓኬት የቲማቲም፣ የቃሪያና የሽንኩርት ዘር ይዞ ይመጣል፤ የሚዘራውም ብዙ ጊዜ ሳይወድ ዶማ የጨበጠ ሰው ነው። በመንዝ ልጅ ትምህርት ቤት ሲላክ ከሞፈርና ቀንበር እንዲያርፍ ተመኝተውለት ስለሆነ፣ ተምሮ አፈር መንካት እንደ ውድቀት የሚታየው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ጀማሪ ዘሩ አልበቅል ሲለው «እጄ ለዚህ አልተፈጠረም» ብሎ ይተዋል። እኔ ግን ጥፋቱ የእጁ አይመስለኝም። ዘሩ አገሩን አያውቀውም። ሞላሌ ላይ የሚበላ ነገር ከዘር ማብቀል የፈለገ ሰው ፓኬቱን ከመቅደዱ በፊት ጎረቤት ሄዶ ዘር ይጠይቅ የምለው ለዚህ ነው።

ማስረጃው ከአየሩና ከብርሃኑ ይጀምራል። የማማ ምድሯ ሞላሌ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የቲማቲም ዘር ፈጥኖ የሚበቅለው አፈሩ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን አፈር ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል። እንደ ምንም በቅሎ ቢያድግ እንኳ ሰማዩ የጠራበትና ነፋስ የሌለበት አንድ የውርጭ ሌሊት ያጠቁረዋል። የሽንኩርቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይረቃል። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት ለክቶ ነው። ለሰሜን አውሮፓ ተመርጦ የወጣው ዓይነት ቀኑ ቢያንስ 14 ሰዓት ካልደረሰለት ራስ አያወጣም። ሞላሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች ቀኗ በሰኔ እንኳ 13 ሰዓት አይሞላም። ጀማሪው ቢኮተኩት፣ ቢያጠጣ፣ ፍግ ቢያለብስ ያ ሽንኩርት ቅጠሉን ብቻ እያረዘመ ይኖራል። ይህን በትጋት ማስተካከል አይቻልም፤ ፓኬቱም ላይ አልተጻፈም።

አሁን የሐበሻ ጎመንን እንይ። የእፅዋት ሊቃውንት የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅለው የወለዱት፣ መነሻውም የኢትዮጵያ ደጋ እንደሆነ ይነግሩናል። ዘሩ ድቡልቡል ነው፤ መዳፍ ላይ ሲያደርጉት እየተንከባለለ ያመልጣል። ከጥፍር በማይበልጥ ጥልቀት ተዘርቶ አፈሩ እርጥበት ካለው በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ጫፋቸው ገባ ያለ፣ ልብ የሚመስሉ ስለሆኑ ኋላ የሚመጣውን ጎመን አይመስሉም፤ ያላወቀ ሰው አረም ነው ብሎ ይነቅላቸዋል። ችግኙ ሲጠቀጠቅ ማሳሳት ያስፈልጋል፤ የተነቀለውም ወጥ ይሆናል። ባቄላም ለጀማሪ የዋህ ነው። ፍሬው ከአፈር ሥር ቀርቶ ቡቃያውን ብቻ ወደ ላይ ስለሚልክ፣ ጫፉን ውርጭ ቢመታው ከታች እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ቦታውም ቢሆን ከቤቱ የራቀው አይመረጥም። ኩበት ለማገዶ በሚሄድበት አገር አመድና ጥራጊ የሚደፋበት የደጅ አፈር ከሩቁ ይወፍራል። «እማማ፣ የጎመን ዘር ቢተርፍዎ» ብሎ የጠየቀ ሰው በጨርቅ ከተቋጠረው ዘር ጋር ይህን ሁሉ አብሮ ይቀበላል፤ መቼ እንደሚዘራ፣ የትኛው ጥግ ውርጭ እንደሚተኛበት ሳይቀር።

ይህ የናፍቆት ወሬ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ውስጥ የእፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ተቋቁሞ የአገሪቱን ዘር መሰብሰብ ጀመረ። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይም መጠበቅ አለበት ብለው ስለ ሠሩ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በካሊፎርኒያ ገብሱን ያቀጭጭ የነበረውን የቫይረስ በሽታ ለመቋቋም ያስቻለው ዘረመልም የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ገበሬዎቻችን ለዘር እየለዩ ያቆዩት ገብስ በዚያ ርቀት ያለውን ማሳ ከጠቀመ፣ የሞላሌዋ እናት ቋጠሮ ከፓኬቱ ያነሰ ክብር የሚያገኝበት ምክንያት አይታየኝም።

«ታዲያ በጎመንና በባቄላ ብቻ እንኑር? ልጆች ካሮትና ቀይ ሥር አይብሉ?» የሚል ተቃውሞ ይመጣል፤ ተገቢም ነው። ዛሬ የደጋው ሰው የሚኖርበት ድንችም እንግዳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የእፅዋት አጥኚ እጅ እንደገባ ይነገራል። እንግዳ ዘር አይግባ አልልም። ካሮትና ቀይ ሥር ቅዝቃዜ ይችላሉ፤ በአንድ ትንሽ መደብ ላይ ተሞክረው ይታዩ። ከውጭ የሚመጣው ግን የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይዞ መግባት አለበት፤ በሽታ ሻንጣ ውስጥ ተሸሽጎ ሊመጣ ይችላልና። ሌላው ተቃውሞ የተሻሻለ ዘር ምርት ይጨምራል የሚለው ነው። ማዳበሪያና ውኃ ሲሟላለት አዎ፣ ለሰፊ ማሳ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ይሁን እንጂ ዲቃላ ዘር ከሆነ ከፍሬው የተያዘው ዘር እናቱን ስለማይመስል ጀማሪው በየዓመቱ ገዢ ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ የአገር ዘርም በውርጭና በበልግ መቅረት ይጠፋል፣ መንዝም በዚህ ተርቧል። እውነት ነው። የአገር ዘር ለጀማሪው ዋስትና አይሰጠውም፤ የሚሰጠው ሲጠፋበት ለምን እንደጠፋ የሚነግረው ጎረቤትና ለከርሞ የሚያበድረው ቋጠሮ ነው።

ለዚህም ሲባል ጎመኑ ሁሉ አይቀነጠስም። ያማሩት ጥቂት እግሮች ሳይነኩ ይቀራሉ፤ ቢጫ አበባ አውጥተው፣ ቆባቸው እስኪገረጣ ይቆማሉ። የሚታጨዱት በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ነው፤ ፀሐይ ከሞቀ ቆቡ በእጅ ውስጥ ይፈነዳና ዘሩ ይበተናል።