አስቀድሞ መለካት

ጫማ የጠበበውን ሰው እግርህን ቍረጥ የሚለው የለም፤ በእግሩ ልክ ሌላ ጫማ ይፈለግለታል እንጂ። ይህ ነገር ለኹሉ ሰው ግልጽ ነው። ነገር ግን እጅ ለሥራ ሲቸኵል ልብ ይህን እውነት ይረሳል። የብስክሌት ሠራተኛም ይህን ከረሳ ጕዳቱ ለሌላ ሰው ይተርፋል።

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ባለ ጥርሱ ክብ ይዞራል፤ ሰንሰለቱም ኃይሉን ወደ ኋላው ጎማ ያደርሰዋል። ዛሬ በፊት በኩል አንድ ክብ ብቻ ያላቸው ብስክሌቶች ብዙ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን ኹለት ወይም ሦስት አላቸው። በትንሹ ክብ ዳገት ይወጡበታል፤ በትልቁ ክብ በሜዳ ይፈጥኑበታል። ሰንሰለቱን ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው የሚገፋው መሣሪያ የፊት ማርሽ መቀየሪያ ይባላል።

በፈረንሳይ አገር ፖል ደ ቪቪ የሚባል ሰው (1853–1930 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ብስክሌት ብዙ ማርሽ ቢኖረው እንደሚሻል ለብዙ ዘመን አስተማረ። ሆኖም በ1903 የተጀመረው የፈረንሳይ ዙር ውድድር ማርሽ መቀየሪያን ለተወዳዳሪዎች የፈቀደው በ1937 ነው። እንዲህ መልካም ነገር እንኳ በአንድ ቀን ተቀባይነትን አያገኝም።

የፊት ማርሽ መቀየሪያ የሚቀመጠው ከኮርቻው ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቧንቧ አጠገብ፥ ከክቦቹ በላይ ነው። የሚታሰርበትም መንገድ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ዐይነት ቧንቧውን እንደ ቀለበት አቅፎ በብሎን ይጠብቃል። ኹለተኛው ዐይነት የብስክሌቱ ሠሪ አስቀድሞ በቧንቧው ላይ ባበጀው ትንሽ ጆሮ ላይ ይታሰራል። ሦስተኛው ዐይነት ቀለበትም ጆሮም ሳይሻ፥ በብስክሌቱ አካል ላይ ለእርሱ በተዘጋጁ ቀዳዳዎች በቀጥታ ይታሰራል።

ከእነዚህ የትኛው ይሻላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በገበያ አያገኘውም፤ ከራሱ ብስክሌት ያገኘዋል። ጆሮ ያለው ብስክሌት በጆሮ የሚታሰረውን ይፈልጋል። ጆሮ የሌለውና ቧንቧው ክብ የሆነው ቀለበት ያለውን ይፈልጋል። ቧንቧው ክብ ካልሆነ ግን ቀለበት በደኅና አይዘውም።

በአንድ ብስክሌት መጠገኛ ቤት ሙያ የሚማር ልጅ ነበረ። አንድ ቀን በየማለዳው ዳገት እየወጣ ለደንበኞቹ ወተት የሚያደርስ ሰው ብስክሌቱን አምጥቶ፥ የተሰበረው የፊት ማርሽ መቀየሪያ በሌላ እንዲለወጥለት ለመነ። ልጁም ቧንቧውን በዐይኑ ብቻ አይቶ፥ ከመደርደሪያው አንዱን ባለ ቀለበት አነሣ። ቀለበቱ ሰፍቶ በቧንቧው ላይ ተንሸራተተ። በዚህ ጊዜ ልጁ ቍራጭ ቆርቆሮ በቧንቧው ላይ ጠቀለለና ቀለበቱን በላዩ አድርጎ ብሎኑን አጠበቀው። ከውጭ ሲያዩት ሥራው ያማረ ነበር።

ጌታው መጥቶ ባየው ጊዜ ብሎኑን ፈታው፤ ቆርቆሮውም ወደቀ። ልጁም ዐፍሮ፥ «ጋሼ፥ ቆርቆሮው እኮ ከውጭ አይታይም ነበር» አለ።

ጌታውም፥ «ልጄ፥ የሚያስፈራውስ አለመታየቱ ነው። የሚታየውን ስሕተት ባለቤቱ ያሳርመዋል፤ ያልታየውን ግን በሰውነቱ ይከፍለዋል። ይህ ሰው በዳገት መካከል ማርሽ ሲቀይር ቀለበቱ ቢዞርበት ሰንሰለቱ ይወድቃል፤ እግሩም ባዶ ይረግጣል፤ ከነወተቱ በመንገድ ላይ ይወድቃል። ደግሞም ብሎኑን ከዚህ አብልጠህ ብታጠብቀው ኖሮ ቀጭኑ ቧንቧ ይጐደጕድ ነበር። ብሎን ይፈታል፤ የጐደጐደ ቧንቧ ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም» አለው።

ከዚህ በኋላ ክር አምጥቶ ቧንቧውን አንድ ዙር አዞረበት፤ ክሩንም ዘርግቶ በማስመሪያ እንዲለካው ልጁን አዘዘው። ክሩ 90 ሚሊሜትር ያህል ሆነ። ጌታውም እንዲህ ብሎ አስረዳው፦ የተለመዱት የቀለበት ልኮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም 28.6፥ 31.8 እና 34.9 ሚሊሜትር ናቸው። የክሩ ርዝመት 90 ያህል ቢሆን ቧንቧው የመጀመሪያው ነው፤ 100 ያህል ቢሆን ኹለተኛው፥ 110 ያህል ቢሆን ሦስተኛው ነው። ትልቁን ቀለበት ሠሪው ራሱ ለዚያ ባዘጋጀው መሙያ ለትንሽ ቧንቧ ማዋል ይቻላል፤ ትንሹን ቀለበት ግን ለትልቅ ቧንቧ ማስፋት አይቻልም።

ልጁ ያነሣው ቀለበት ባለ 31.8 ነበር። አኹን ባለ 28.6ቱን አመጣ፤ የሚስበው ሽቦ ከላይ ወይም ከታች እንደሚመጣም አስቀድሞ ተመለከተ። መቀየሪያው ከትልቁ ክብ ጥርሶች በላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ፥ ጐኑም ከክቡ ጐን ጋራ እኩል እንዲሄድ አደረገ። ብሎኑንም ሠሪው በጻፈው ልክ ብቻ አጠበቀ። ከዚያም ፔዳሉን በእጁ እያዞረ ሰንሰለቱን ከትንሹ ወደ ትልቁ፥ ከትልቁም ወደ ትንሹ ደጋግሞ አሻገረው፤ አንድ ጊዜም አልወደቀም።

ወተት አድራሹ በመጣ ጊዜ፥ ቆርቆሮው ቀለሙን ጥቂት እንደ ጫረው ልጁ ራሱ አሳየው። ሰውየውም፥ «ይህን ያሳየኝ ሰው ሌላውንም አልደበቀኝም» ብሎ፥ ደስ ብሎት ገንዘቡን ከፈለ።

የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ወተት ግን ከፈሰሰ አይለቀምም። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ከመግዛቱ በፊት ይለካል፤ ከማጥበቁ በፊት ያስተውላል። በቀለበት ሥር የሚሸፈነውንም ሥራ፥ ኹሉ ሰው እንደሚያየው አድርጎ ይሠራል።